የጥር ዳስ በሳን ሆዜ

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ ደውላ ሰርጓን ሐምሌ ላይ፣ ያውም ሜዳ ላይ፣ ያለ አንዳች ጣሪያ ልታደርግ መሆኑን ነገረችኝ።

«ዳዲ፣ አር ዩ ዜር?» አለች።

«አለሁ። ሐምሌ ግን… ክረምት አይደለም እንዴ?»

«ዳዲ! ኢትስ ካሊፎርኒያ!» ብላ ከት ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። እዚህ አገር አርባ ዓመት ኖሬ ሐምሌ ላይ ሰርግ የሚያበላሽ ዝናብ አላየሁም። ጭንቅላቴ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ሆዴ ግን አያውቅም። ሐምሌ ሲባል ዛሬም ጭቃ ይታየኛል፣ ጉልበቴን ይበርደኛል፣ ዣንጥላዬን የት እንዳስቀመጥኩ ማሰብ እጀምራለሁ። ባለቤቴ ጽጌ ከወጥ ቤት ሆና ስትሰማን ነበርና፣ «አንተ ደግሞ ስለ ሰርግና ስለ ዝናብ ምክር ስትሰጥ ትንሽ አታፍርም?» አለችኝ። አላፈርኩም፤ ሳቅ ግን አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የራሳችን ሰርግ ከፊቴ አልጠፋ አለ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከካርቱም ኦክላንድ ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጥባለሁ፤ ከድር ከሚባል የደሴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ካርታ ላይ ሲታይ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን እጅግ ርቀን ስለነበር ሁላችንም የጠበቅነው በረዶ ነው። በረዶውን ስንፈራ የጠበቀን ሌላ ጉድ ሆነ። አገሩ ዓመቱን እንደ ሹራብ ገልብጦ ለብሶታል። አገር ቤት ጎርፍ ድንጋይ በሚያንከባልልበት በሐምሌ እዚህ ኮረብታው ሁሉ ደርቆ ገለባ ይመስላል። አደይ አበባ በምንጠብቅበት በመስከረም ሙቀቱ ይብሳል። ታኅሣሥና ጥር፣ ሰማይ ጥርት ሊል በሚገባው ጊዜ፣ ዝናቡ ይመጣና ያ ገለባ የነበረው ኮረብታ አረንጓዴ ይሆናል። በቆሎ እንኳ ጊዜውን ስቷል። እኛ የምናውቀው በቆሎ ውጭ ሲያካፋ ከሰል ላይ ተጠብሶ፣ እጅ እያሞቀ የሚበላውን ነው። እዚህ የሚደርሰው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከድር አንዱን ገምጦ፣ «ይሄ በቆሎ የሚመስል ነገር ነው እንጂ በቆሎ አይደለም» ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

ጽጌ የምትኖረው ሳን ሆዜ ነበር፤ ከኦክላንድ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። የአየር ጠባዩ ግን የሁለት አገር ነው። በፈረንጆቹ በጋ፣ በሐምሌ ጠዋት ኦክላንድን ከባሕረ ሰላጤው የመጣ ጉም ሸፍኖት ጃኬቴን እስከ አገጬ ቆልፌ እነሳለሁ፤ ሳን ሆዜ ስደርስ ሰው በካናቴራ ይንጎራደዳል። ጃኬቴን እንዳላወልቅ ደግሞ ከስር ያለው ሸሚዝ ለሰው አይን የሚቀርብ አልነበረም። ስለዚህ በጽጌ አጎት ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጥኩት ላብ እያጠመቀኝ ነው። አጎቷ ጋሽ ደምሴ ለረጅም ጊዜ አዩኝና ወደ እሷ ዞረው፣ «ይሄ ልጅ ጤና አለው?» አሉ።

ጋሽ ደምሴ አገር ቤት ጉምሩክ ውስጥ ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ሳን ሆዜ ግን ሴኩሪቲ ሆነው አንድ ፋብሪካ ይጠብቃሉ። የደንብ ልብሱን ኮት እንደ ጄኔራል ነበር የሚለብሱት። የጽጌ እናት፣ ማለትም ታላቅ እህታቸው፣ አዲስ አበባ ቀርተዋል፤ በዚያ ዘመን እንኳን ለሰርግ ለለቅሶም መውጣት አይቻልም። ጋሽ ደምሴ ልጅቱን ይዘው ሲወጡ ለእህታቸው ቃል ገብተዋል። በወጉ፣ በጥር፣ ዳስ ጥለው ይድሯታል፤ ፎቶውንም ይልካሉ። እናትየውም በበኩላቸው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ባለ ጥበብ ቀሚስ አሸምነው፣ አሰፍተው፣ በሰው በሰው ልከዋል። ቀሚሱ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ባል ይጠብቅ ነበር።

ሽማግሌ ላክኩ፤ እሺ ተባልኩ። ዓርብ ዕለት ካውንቲ ቢሮ ሄደን የጋብቻ ወረቀት እንደምንፈርም ስነግራቸው ጋሽ ደምሴ እንደ ዝንብ በእጃቸው አባረሩት። «እሱ የመንግሥት ነው። ሰርጉ ጥር ነው።»

«ጋሽ ደምሴ፣ እዚህ ጥር ዝናብ ነው ይላሉ» አልኳቸው በትሕትና።

«ጥር?» አሉ፣ የሰው ስም ያጠፋሁ ይመስል። «ልጄ፣ ጥር እኮ ነው!»

የካቲት ይሁን ቢባሉ ጾም ሊገባ ነው ይላሉ። ከፋሲካ በኋላ ቢባሉ ግንቦት ደርሷል፣ ግንቦት ደግሞ ማን ያገባል? ከዚያ ሰኔ ነው፤ ክረምት። ቆጥረው ቆጥረው ተመልሰው ጥር ላይ ያርፋሉ። ማስረጃም ነበራቸው። አምና የጥምቀት ዕለት ፀሐይ ወጥታለች። እኔም አስታውሳለሁ፤ ወጥታለች። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳምንት ግን ከመካከላችን ያስታወሰ የለም። ለነገሩ ከኦክላንድ እስከ ሳክራሜንቶ የጠየቅነው አበሻ ሁሉ «ጥር ከሆነማ ጥሩ ነው» ነው ያለን። ሁላችንም በዚያው ወር ዣንጥላ ይዘን ሥራ እንሄድ ነበር እኮ! ዓይናችን የሚያየውን የወሩ ስም ያሸንፈው ነበር።

የተጠራጠረው ከድር ብቻ ነው። «እኔ ወሎዬ ነኝ፤ ዝናብ ሲቀር እንጂ ሲያስቸግር አላውቅም። ይቺን ደመና ግን አልወደድኳትም» አለ።

ዳስ መጣል የሴቷ ወገን ሥራ ነው። የሴቷ ወገን ግን አንድ ሴኩሪቲ ብቻ ስለሆነ፣ ሙሽራው ራሴ ከሚዜዬ ከከድር ጋር የአማቶቼን ዳስ ልጥል በሰርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ወረድኩ። ኦክላንድ ኮረብታዎች ላይ ባሕር ዛፍ ሞልቷል። አንድ ሰውዬ ግቢውን አስመንጥሮ ግንዶቹን መንገድ ዳር «ፍሪ»፣ በነፃ ውሰዱ፣ ብሎ ትቷቸው አገኘንና ቀጫጭኖቹን መርጠን የከድር ዳትሰን ጣሪያ ላይ አሰርናቸው። ፍሪዌዩ ላይ ያለፈን ሁሉ ጥሩንባ ነፋልን፤ ገና ሳንጋባ ታጀብን። ጋሽ ደምሴ ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱና፣ «ይሄ ነው እንግዲህ!» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅሮ ነበር፤ ዞር ብለው በመሐረብ ጠረጉት።

ቀኑ ብሩህ ነው። ጉድጓድ ቆፈርን፣ ቋሚዎቹን ተከልን፣ ከፍሊ ማርኬት፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ የገዛነውን ሰማያዊ ሸራ ከላይ ወጠርን። ጣሪያውን እንደ ጠረጴዛ ለጥ አድርገን ነው የሠራነው። አገር ቤት ዳስ ለፀሐይ ነው፤ ለምን ብሎ ይዘነብላል? ቢሆንም ልቤ አላረፈም።

«ትንሽ ወደ አንድ በኩል ዘንበል ብናደርገውስ?» አልኩ።

«ዳስ ነው ወይስ ቤት ነው የምትሠራው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

በአጥሩ ላይ አንድ ጎረቤት ያዩን ነበር። ማኑኤል የሚባሉ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚያ ሰፈር ፕለም የሚባለውን ፍሬ ሲያመርቱ የኖሩ። ወደ ሰማይ ጠቆሙና፣ «ቱሞሮው፣ ሬይን» አሉ።

«ኖ ሬይን» አሉ ጋሽ ደምሴ በኩራት። «ጃንዋሪ!»

ማኑኤል ግራ ተጋብተው አዩአቸው። «የስ» አሉ ቀስ ብለው። «ጃንዋሪ።»

እያንዳንዳቸው የተረታው ሌላው እንደሆነ አምነው ተለያዩ።

እሑድ ጠዋት ኦክላንድ ስነቃ ውጭው አይታይም። ዝናቡ የሚያካፋ ዓይነት አልነበረም፤ በባልዲ ነው የሚደፋው። ወደ ሳን ሆዜ ብደውል ስልኩን የሚያነሳ የለም። ከድር ክራቫቱን እያሰረ ሊያጽናናኝ ሞከረ። «ሳን ሆዜ ደረቅ ይሆናል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደል? እዚህ ሲበርድ እዚያ ይሞቃል።» ይህችን ተስፋ ይዘን ተነሳን። ከኋላችን በሦስት መኪና አጃቢ ይከተለናል። የዳትሰኑ ዝናብ መጥረጊያ በከድር በኩል ያለው ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ስለዚህ እኔ ወደ ትዳሬ የሄድኩት ምንም ሳይታየኝ ነው።

ሳን ሆዜም ይዘንባል።

የጋሽ ደምሴ ግቢ ስንደርስ ሰው የለም። ዳሱ ወድቋል። ሰማያዊው ሸራ መሬት ላይ ተዘርግቶ ኩሬ ሠርቷል፤ ኩሬው ላይ አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። በሩን አንኳኳሁ፤ ዝም። ጋሽ ደምሴ ተናደው ልጅቱን ወዴት ይዘዋት ሄዱ? ሰርጉ ቀረ ማለት ነው? ከቀረ ደግሞ የእሳቸውን ቆጠራ አውቀዋለሁ፤ እስከ ዓመቱ ጥር ነው። በነጭ ሱፍ፣ ዝናብ ላይ ቆሜ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ላብ በላብ ሆኜ ጋሽ ደምሴ ፊት ስቀመጥ ታየኝና ማልቀስ አማረኝ።

በዚህ መሐል ማኑኤል በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ዣንጥላ ይዘዋል። «ላውንድሮማት!» አሉ ጣታቸውን ወደ መንገዱ ጫፍ ቀስረው። «ኤቭሪባዲ፣ ላውንድሮማት!»

የሆነውን በኋላ ነው የሰማነው። ሸራው ሌሊቱን ውኃ ጠጥቶ እንደ ከበደ ሆድ ተንዘርጥጧል። ጋሽ ደምሴ በመጥረጊያ እንጨት ከስር እየገፉ ውኃውን ሊያፈሱ ሲታገሉ፣ ጽጌ ቀሚሷን ለብሳ፣ ኩሏን ተኩላ፣ «ዳሱን ልየው» ብላ ብቅ ትላለች። አንደኛው ቋሚ የጠበቀው እሷን ይመስል በዚያች ቅጽበት ተነቀለ። ሁሉም ነገር በሙሽራዋ፣ በሚዜዎቿና በዳቦው ላይ ወረደ። የተጎዳ የለም፤ የደረቀም የለም። ቤቱ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ስላልነበረው ሴቶቹ ነጠላውንም ቀሚሱንም ሰብስበው፣ ወጡን በድስቱ እንደያዙ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሳንቲም ልብስ የሚያጥብበትና የሚያደርቅበት ላውንድሮማት ገቡ።

ደረስን። በመስታወቱ በር ውስጥ ሚዜዎቿ ሹራብ ደርበው፣ ከፀጉራቸው ውኃ እየተንጠባጠበ ይታዩኛል። ልገባ በሩን ስገፋ አልከፈት አለ። አተኩሬ ሳይ ከውስጥ በትከሻቸው ገፍተው ይዘውታል። እየዘፈኑም ነው! ዳስ ወድቆ፣ ልብስ ርሶ፣ ሙሽራው ሲመጣ ግን በር ይዘጋል፤ ወግ ወግ ነው። ዋናዋ ሚዜ በበሩ ቀዳዳ አፏን አስጠግታ፣ «ኳርተር ካላመጣችሁ አንከፍትም!» ብላ ጮኸች። «የሙሽራዋ ቀሚስ ገና እርጥብ ነው፤ ማሽኑ ሳንቲማችንን ጨርሶታል!»

ከድር ኪሱን ገለበጠ፤ ማሽኑ የማይቀበላት የአንድ ሳንቲም ፔኒ ብቻ። አጃቢዎቼ ዝናብ ላይ ቆመው ኪስ ለኪስ ይፈታተሻሉ። ከውስጥ ደግሞ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ያጠቡትን ልብስ በቅርጫት ይዘው ሊወጡ ቢሉ መንገድ አጡ። ሚዜዎቹን አዩ፤ በመስታወቱ በኩል እኔን አዩ።

«አር ዩ ዘ ግሩም?» አሉኝ፤ ሙሽራው አንተ ነህ ወይ ማለታቸው ነው።

«የስ፣ ማም።»

«ኦ፣ ሃኒ» አሉና ቅርጫታቸውን አስቀምጠው፣ ከቦርሳቸው እፍኝ ኳርተር ዘግነው ለሚዜዎቹ ሰጡልኝ። እንዲህ ሆኖ በማላውቃቸው ሴትዮ ጥሎሽ ተከፈለና በሩ ተከፈተ። አሮጊቷ ከዚያ በኋላ መውጣቱን ተዉት፤ ቁጭ አሉ።

ጽጌ ጥግ ላይ የጋሽ ደምሴን የሴኩሪቲ ኮት ለብሳ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ላይ ባጅ ተለጥፏል። ኩሏ እስከ አገጯ ወርዷል። እንዲህ አምራ አይቻት አላውቅም። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ማድረቂያው ፊት ቆመዋል፤ ቀሚሱ በክቡ መስታወት ውስጥ ሲሽከረከር ያያሉ። ማንንም ሰላም አላሉም።

ማሽኑ ጮኸ። ቀሚሱ ወጣ። ሚዜዎቹ ከበው አለበሷትና ዘወር ሲሉ ሁላችንም እግሯን አየን። እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርስ የነበረው ቀሚስ ከጉልበቷ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆሟል። ሙቀቱ ሰብስቦታል።

ጋሽ ደምሴ አንዱ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። «በቃ። ይቅር። ለእህቴ ምኑን ፎቶ ነው የምልክላት? ዳስ የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ቀሚሷንም ይኸው አሳጠርንባት። ለዓመት ጥር፣ እግዚአብሔር ቢል…»

ጽጌ እስከዚያ ቀን ድረስ በአጎቷ ፊት ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም።

«ለዓመት ጥርም ይዘንባል፣ ጋሼ» አለች። «ከዚያ በኋላም ባለው ይዘንባል። እዚህ ጥር ዝናብ ነው፤ እርስዎም ያውቁታል። እማዬ ማየት የምትፈልገው እኔን ስዳር ነው፤ ሰማዩን አይደለም።»

ማድረቂያዎቹ ይንጓጓሉ። ሰው ሁሉ፣ አሮጊቷ ጭምር፣ ጋሽ ደምሴን ያያል። እሳቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር መረመሩት።

«ያፈሳል?» አሉ።

«አያፈስም» አለ ከድር።

«እንግዲያው ዳስ ነው» አሉና ተነሱ።

ምርቃቱ የተካሄደው በማሽን ድምፅ መሐል ነበር። «ውለዱ ክበዱ» ሲሉ አንዱ ማድረቂያ ይጮሃል፤ እኛ «አሜን» እንላለን። ዶሮ ወጡ ልብስ ማጣጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ቀረበ፤ ለእነ ከድር ለብቻው የተሠራው የእስላም ሥጋም በዚያው ማዶ። ልብስ ሊያጥብ የመጣ ሁሉ የወረቀት ሳህን ደረሰው። አሮጊቷ በርበሬው አስነጥሷቸው ሲያበቃ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ። በመጨረሻ ከድር ካሜራውን አወጣና ከግድግዳው ጋር ከተደረደሩት ማድረቂያዎች ፊት አቆመን። ፎቶው ተላከ።

ከብዙ ወራት በኋላ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ኦክላንድ አገኘንና፣ «እናንተ ናችሁ መርከብ ላይ የተጋባችሁት?» አለን። ክብ ክቡ የማድረቂያ መስታወት የመርከብ መስኮት መስሏቸው ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል አለ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ የጽጌ እናት ተሳስተዋል ብለን አዘንንላቸውም። ጋሽ ደምሴ ግን ደስ አላቸው። «መርከብ ከዳስ አያንስም» አሉ፤ ነፍሳቸውን ይማርና እስኪሞቱ ድረስ ቃላቸውን እንደጠበቁ ነው የተሰማቸው።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አዲስ አበባ ገባን። ፎቶው ሳሎን ግድግዳ ላይ በትልቁ ተሰቅሏል። ጎረቤት ሊያየን ጎርፎ መጣና አንዲት ሴትዮ፣ «መርከቡ ግን ስንት ፎቅ ነበር?» ብለው ጠየቁ። እኔ ትን አለኝ። ጽጌ ማድረቂያዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ እንደነበሩ ትዝ ብሏት ነው መሰል፣ «ሁለት» አለች።

ጎረቤቱ ሲሄድ ጽጌ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ መርከብ አልነበረም» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ እናትየው። «ቀሚሱን ያሰፋሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ለምን አጠረ ብሎ ሲጠይቀኝ ውኃ ነክቶት ነው አልኩ። በጥር ምን ውኃ አለ አሉኝ። ታዲያ ምን ልበል? በጥር ዘነበባት ልበልና ልጄን መተረቻ ላድርጋት? መርከብ ላይ ነው አልኳቸዋ!» ከዚያ ወደ ፎቶው ቀና ብለው አዩ። «ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንደዚህ ስትስቂ ያየሁሽ? ቀሚሱ ቢያጥር ይጠር።» ጽጌ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም፤ በረንዳ ወጣሁ።

ያ ቀሚስ ዛሬ እኛ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ልጃችን ሐምሌ ላይ የምትለብሰው እሱን ነው። አጭር ነው ብላት፣ «ዳዲ፣ አይ ላይክ ኢት ሾርት» አለችኝ። እሺ ብያለሁ። ሐምሌውንም፣ ሜዳውንም እሺ ብያለሁ። ለማንኛውም ግን ትናንት ወጥቼ ሁለት ትልልቅ ሸራ ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ፣ ጽጌ ከማታይበት ቦታ አስቀምጫለሁ። በዚህኛው ጊዜ ጣሪያውን ዘንበል አደርገዋለሁ።